የፕላስቲክ ፎም በራጅ ሲመረመር

ፎም ከሞላ ጎደል አየር ነው። ለፍራሽ፣ ለመኪና መቀመጫ፣ ለማሸጊያና ለሙቀት መከላከያ የሚያገለግሉት የፖሊዩሬቴንና የፖሊስታይሪን ፎሞች ብዙውን ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ይዘታቸው ጋዝ ነው፤ ሸክሙን የሚችለው የተረፈው ጥቂት ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ጥንካሬውን የሚወስነው የፕላስቲኩ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ያ ጥቂት ፕላስቲክ የተዋቀረበት መንገድ ጭምር ነው። ይህን አወቃቀር ውስጡን ሳያፈርሱ ለማየት ራጅ ዋነኛው መሣሪያ ሆኗል።

ፎም የተጠጋጉ አረፋዎች ስብስብ ነው፤ ቀድሞ የአረፋን ቅርጽ ማወቅ ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነበር። ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1887 ቦታን በትንሹ የገጽ ስፋት እኩል የሚከፋፍለው ባለ 14 ገጽ ቅርጽ ነው ሲል ገመተ። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤድዊን ማትዝኬ ደግሞ በ1946 የ600 ሳሙና አረፋዎችን ገጾች በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ በአንድ ቆጠረ። አማካዩ 13.7 ሆነ፤ የኬልቪን ቅርጽ ግን በአንዱም ላይ አልታየም። ዛሬ ያንን ቆጠራ ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ የማትዝኬ ዓይንና ትዕግሥት ግን አሁንም ያስደንቃል።

ዘዴው የሐኪም ቤቱ ሲቲ ስካን ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ብዙውን ጊዜ የሚዞረው መሣሪያው ሳይሆን ናሙናው መሆኑ ነው። የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ በራጅ ፊት ቀስ እያለች ስትዞር በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ የጥላ ምስሎች ይነሣሉ፤ ኮምፒውተሩም እነዚህን አቀናጅቶ የቁራጯን ሙሉ ውስጣዊ ቅርጽ ያወጣል። ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲኩ የተሠራበት ቁስ፣ በዋናነት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ በመሆኑ ራጅን እምብዛም አያስቀርም፤ ጥላው ደብዛዛ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ጉልበቱ ዝቅ ያለ ራጅ ይመረጣል።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ፎሙ እየተጨመቀ ሳለ መታየቱ ነው። ተራ የመጭመቂያ ሙከራ የሚሰጠው በግራፍ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ኃይሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ሜዳ ሆኖ ይዘልቃል፣ በመጨረሻ ሽቅብ ይተኮሳል። ምስሉ ምክንያቱን ያሳያል። በመጀመሪያ በፎሙ ክፍሎች፣ ማለትም በጋዝ በተሞሉት አረፋዎች፣ መካከል ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች በጥቂቱ ይጎብጣሉ። ከዚያ አንድ ረድፍ ደካማ ክፍሎች ሲደረመስ ከላይና ከታች ያሉት ገና እንደ ቆሙ ናቸው፤ መደርመሱ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲዛመት ኃይሉ ብዙም አይጨምርም። ግድግዳ ከግድግዳ ጋር ሲነካካ ነው መስመሩ የሚተኮሰው። ዘንጎቹ የሚጎብጡ መሆናቸው ሌላም ነገር ያስረዳል፤ ክፍት ቀዳዳ ያለው (ክፍሎቹ በግድግዳ ያልተዘጉ) ፎም እፍግታው በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። የፖሊዩሬቴን ፎም ሲነፋ ወደ ላይ ስለሚያድግ ክፍሎቹም ወደዚያው ይረዝማሉ፤ በዚያ አቅጣጫ ሲጨመቅ ይበልጥ ይጠነክራል።

ነገር ግን ምስሉ ሊያሳስት ይችላል። የአንዳንድ ፎሞች ግድግዳ ከአንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ሊሳሳ ይችላል፤ የምስሉ ትንሿ ነጥብ ከዚህ ስትበልጥ ግድግዳው ይጠፋና የተዘጋው ክፍል ክፍት መስሎ ይታያል። ፕላስቲኩን ከአየር የሚለየው የጥላ ወሰን ትንሽ ቢዛነፍም የግድግዳው ውፍረት፣ ከዚያም የተሰላው ጥንካሬ አብሮ ይዛነፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ አስቀድሞ ቁራጯን በሚዛን ይመዝናል፤ ከምስሉ የተሰላው ክብደት ከሚዛኑ ጋር ካልገጠመ ወሰኑን ያስተካክላል፣ ወይም በተሻለ ጥራት እንደገና ያነሣል።