«ሆዱን መግዛት ያቃተው» ስንል፦ ስለ ውፍረት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ወፈር ያለች ሴት ሁለተኛ ቦምቦሊኖ ስታዝ ዙሪያው ይጠቃቀሳል። ከዚያ መጠቃቀስ በስተጀርባ ያሉት አመለካከቶች ሰው ይጎዳሉ።

«ወፍራም ሰው ሆዳም ነው»

ረሃብና ጥጋብን በዋናነት የሚመራው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። የስብ ሕዋሳት ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን እያመነጩ «ስንቅ አለ» ይሉታል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ የሌፕቲንን ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያገኙ ብዙዎች የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ብለው ነበር። ነገር ግን የአብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ደም ውስጥ ሌፕቲን ሞልቷል፤ አንጎላቸው ነው መልእክቱን በደንብ የማይሰማው። ስብ ተከማችቶም አንጎል ይራባል።

«ከስቶ መልሶ የወፈረ ሰነፍ ነው»

በሁዳዴ ከስቶ ከፋሲካ በኋላ የተመለሰበትን ሁላችንም እናውቃለን። ክብደት ሲቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል፣ ከጨጓራ የሚመነጨው አስራቢው ሆርሞን ግሬሊን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ ለውጥ ከዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። ስንፍና የምንለው ሰውነት ስቡን ለማስመለስ የሚያደርገው ትግል ነው።

«አብዝቶ መብላት በሽታ አይሆንም»

በበዓል ዶሮ ወጥ መደጋገም በሽታ አይደለም። በሽታው ሌላ ነው፦ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ኩሽና ቆሞ፣ ሳይርበው፣ የቀዘቀዘ ወጥ ከነድስቱ፣ ከዚያ የቀረውን ዳቦ፣ ሆዱን እስኪያመው በጥድፊያ መብላት፤ ማቆም ማቃት፤ ከዚያ ኀፍረት። ይህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር ሲደጋገም ቢንጅ ኢቲንግ ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። ቀጭን ሰውም ይይዘዋል።

«እንዲህ የሚበሉት ስለሚጣፍጣቸው ነው»

ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ከደስታው ይልቅ የሚያነሣሣው ፍላጎቱን ነው። ዶፓሚን ያጡ አይጦች አፋቸው ውስጥ የተደረገላቸውን ጣፋጭ ያጣጥማሉ፤ ፊታቸው ወዳለ ምግብ ግን አይሄዱም። መፈለግና መጣፈጥ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ «አልጣፈጠኝም፣ ግን ማቆም አልቻልኩም» የሚልን ሰው እመኑት።

«መፍትሔው ጠዋትና ምሳ መዝለል ነው»

ቢንጅ ኢቲንግን ይህ ነገር ያባብሰዋል፤ ቀኑን ሙሉ የተራበ አንጎል ሌሊት ፍላጎቱ ይበረታል። የሚረዳው በሰዓቱ መብላትና ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚደረግ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ስትቀርቡ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅም የሌሊቱን አበላል ንገሩት።