ኬን ሪጅ፦ በሸምበቆ ጫካ የቆመች ቤተ ጸሎትና መጋቢዋ በርተን ስቶን

ኬን ሪጅ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በፓሪስ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ የግንድ ቤተ ጸሎት ናት። በአገራችን «የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» የሚባሉት ጉባኤዎች የኋላ ታሪካቸውን ሲቆጥሩ እርሷ ዘንድ ይደርሳሉ። ስሟ ስፍራውን ሸፍኖት ከነበረው ሸምበቆ የመጣ ነው።

ቤቷን በ1791 እ.ኤ.አ. ያቆሙት ከመጋቢ ሮበርት ፊንሌ ጋር የመጡ የፕሪስባይቴሪያን (በሽማግሌዎች የሚተዳደር የፕሮቴስታንት ቤተ እምነት) ሰፋሪዎች ናቸው። ፊንሌ ብዙ አልቆዩም። በርግጥ የመጀመሪያው መጋቢ እርሳቸው ናቸው፤ ኬን ሪጅን ኬን ሪጅ ያሰኙት ግን በርተን ስቶን ናቸው። ስቶን በ1798 ሲሾሙ የቤተ እምነቱን የእምነት መግለጫ ይቀበሉ እንደሆነ ተጠየቁ፤ ከእግዚአብሔር ቃል ጋር ተስማምቶ እስካገኙት ድረስ እንደሚቀበሉ መለሱ። ከፕሪስባይቴሪያኖች የኋላው መለየት ከዚያ ቀን ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኦገስት 1801 ለጌታ እራት ጥሪ ተደረገ። የመጣውን ሕዝብ ከ10,000 እስከ 25,000 የሚያደርሱት አሉ፤ ቁጥሩ ቢያከራክርም፣ በአካባቢው ትልቋ ከተማ ሌክሲንግተን ያኔ 2,000 ነዋሪ እንኳ አልነበራትም። ቤቷ ስላልበቃች ሰባኪዎች በየጫካው ተበታትነው ባንድ ጊዜ ይሰብኩ ነበር። የሜቶዲስቱ ዊልያም በርክ በወደቀ ዛፍ ግንድ ላይ ቆመው ሰበኩ። ሕዝቡ እየጮኸ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር፤ ነቃፊዎች እብደት ቢሉትም ስቶን የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን አልተጠራጠሩም። ጉባኤው ከስድስት ቀንና ሌሊት በኋላ የተበተነው በአካባቢው የሚበላ ስላለቀ ነው።

በጁን 1804 ስቶንና አምስት ባልደረቦቻቸው የራሳቸውን ፕሪስባይተሪ (የአጥቢያዎች የበላይ ጉባኤ) እንደ ሟች «ኑዛዜ» ጽፈው አፈረሱ፤ «ክርስቲያን» ከሚለው በቀር ሌላ ስም አንፈልግም አሉ። ከስድስቱ ሁለቱ ሳያገቡ በማኅበር ወደሚኖሩት ሼከሮች ሄዱ፣ ሁለቱ ወደ ፕሪስባይቴሪያኖች ተመለሱ። በ1832 የስቶን ወገኖች ተመሳሳይ ንቅናቄ ከሚመሩት ከአሌክሳንደር ካምቤል ወገኖች ጋር ተባበሩ። ስቶን በ1844 አረፉ፤ አፅማቸው በ1847 ወደ ኬን ሪጅ መጣ።

በቤቷ ውስጥ ለባሮች የተለየ ቆጥ ነበረ። ባሮቹ በበር አይገቡም፤ ከውጭ በመሰላል ወጥተው በመስኮት ይገቡ ነበር። ስቶን የራሳቸውን ባሮች ነጻ ያወጡ ሰው ናቸው፤ ቆጡ ግን እስከ 1829 ቆየ። ሲፈርስ እንጨቱ ለጎተራ ዋለ። በ1932 ከጎተራው ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዛሬም፣ ግንዶቹን ከዝናብ ለመጠበቅ በ1957 በላይዋ በተሠራው የድንጋይ ሕንጻ ውስጥ ይታያል።