«ውሃው ቡናማ ነው፣ አትግቡ!»፦ ስለ ሐይቆቻችንና ፓርኮቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር «ለእረፍት ቀን የት እንሂድ?» እየተባባልን ነበር። የቦታ ስም በጠራሁ ቁጥር አንድ «ተይው» ይከተላል። ላንጋኖ ውሃው ቆሻሻ ነው። ሰሜን ተራሮች አንበሳ እንኳ የለም። ጓሳ ባዶ ሳር ነው። ሁሉም በልበ ሙሉነት ይናገራል፤ ግማሾቹ ግን ሄደው አያውቁም። እኔም አብዛኛውን ለዓመታት አምኜው ኖሬያለሁ። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ነው»

ልጅ ሳለሁ አክስቴ ዳር ላይ ቆማ «ጭቃ ውስጥ አትግቡ!» ትለን ነበር። ቀለሙን ያመጣው ግን ቆሻሻ አይደለም። በጣም ደቃቅ አፈር ነው፤ ወደ ታች ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ተበትኖ ስለሚቆይ ነው። እንዲያውም ላንጋኖ ቢልሃርዚያ ከሚባለው፣ በውሃ ከሚተላለፈው የትል በሽታ ነፃ በመሆኑ ይታወቃል። ዋና የሚወድ ሁሉ ወደዚያ የሚሄደው ለዚህ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላኛው ወገን ነው። ጥርት ያለ ውሃ ስናይ ዝም ብለን እናምነዋለን። የቢልሃርዚያ ትል መጀመሪያ የሚያድገው በትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ይወጣና በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል። በዓይን አይታይም፤ ውሃውንም አያደፈርስም። የዝዋይና የጣና ዳርቻዎች በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ የውሃውን መልክ ትታችሁ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። እንዲህ ካለ ውሃ ገብታችሁ ከሆነም ተመርመሩ። መድኃኒት አለው።

«ሐይቅ ጸጥ ያለ ነው፤ እንደ ወንዝ አይወስድም»

ይሄኛው ሰው ያስበላል። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው እንደ ባሕር ዳርቻ ቀስ እያለ አይጠልቅም። ጥቂት እርምጃ ስትሄዱ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ሻላ ደግሞ 266 ሜትር ይደርሳል። ዋና የማይችል ሰው «ዳር ዳሩን ነኝ» ብሎ መግባት የለበትም።

«ጉማሬ ሳር በል ስለሆነ ሰው አይነካም»

ሳር መብላቱ እውነት ነው። ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ ይግጣል። ግን በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም። ሐዋሳም ሆነ ጫሞ ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ «ትንሽ ቀረብ በልልን፣ ፎቶ እናንሳ» ብላችሁ ባለጀልባውን አትገፋፉት።

«አንበሳና ዝሆን ካላየሁ ምኑን ፓርክ ሄድኩት?»

ይህን የምንለው ፓርክ ሲባል ኬንያ ትዝ ስለሚለን ይመስለኛል። እኛ ጋ ያለው ግን ሌላ ቦታ የለም። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን፤ እነዚህ በዓለም ላይ የሚገኙት ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘሮች ሁሉ ዋና ምግቡ ሳር የሆነ ብቸኛው ነው። መንጋው ተቀምጦ በጣቱ ሳር ሲለቅም አጠገቡ ሆኖ ማየትን የመሰለ ነገር የለም። ዳቦና ብስኩት ግን አትስጡት። ሰው እያባረረ መንጠቅ የሚለምደው እንዲህ ነው።

«ቀይ ቀበሮ በግ ጨራሽ ነው»

ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ግልገል የሚወስደው አልፎ አልፎ ነው። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ትልቁ ጠላቱ የእኛ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ እየተጋባበት ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ጨርሷል። ውሻችሁን ይዛችሁ ፓርክ አትግቡ። ደጋ ላይ ዘመድ ካላችሁም ውሾቻቸውን እንዲያስከትቡ ንገሯቸው።

«ተፈጥሮ የሚጠበቀው ሕዝቡ ሲርቅ ነው»

እኔ በጣም የምቆጭበት ስህተት ይህ ነው። መልሱ መንዝ ውስጥ አለ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ቦታው የተጠበቀው ፓርክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። የጠበቁትም የመንዝ ገበሬዎች ናቸው። ሥርዓቱን «ቄሮ» ይሉታል። ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጋል። ማንም አያጭድም፤ ከብት አያሰማራም። ሳሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ያዩና ቀን ቆርጠው ይከፍታሉ። የጓሳ ሳር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። ቸል ካሉት ጣሪያቸው እንደሚያፈስ ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ተናጋ። ማኅበረሰቡ ግን ቦታውን አልተወውም። ዛሬም ሄዳችሁ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የምታዩት እነዚያ ሰዎች ስለጠበቁት ነው።

«ሐይቅ የት ይሄዳል?»

ይሄዳል። ሐረማያ ደርቆ ሰው በላዩ የተራመደበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ውሃው መመለስ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። አብያታ ደግሞ አሁንም እየሸሸ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ለመስኖ ይጠለፋል። ከራሱም ለሶዳ አመድ ፋብሪካ ሲቀዳ ኖሯል። ድሮ ውሃ የነበረበት ዳር ዛሬ ነጭ ጨዋማ መሬት ነው። ፍላሚንጎዎቹን ለማየት ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ግድ ነው። መኪና ይዞ ወደ ዳሩ መንዳት አይሞከርም፤ ከላይ ደረቅ የሚመስለው መሬት ውስጡ ጭቃ ነው።

«ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ የፈረንጅ ነው»

የፓርኮቻችን መግቢያ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ሰው በጣም ይቀንሳል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ግን በአሁኑ ጊዜ የግድ ነው። የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ሩቅ መሄድ ካልሆነላችሁ ለአዲስ አበባ ሰው መናገሻ ሱባ አለ፤ ወጨጫ ተራራ ላይ። ደኑን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በጠዋት ድረሱ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጥዶቹ ሥር ቁሙና ቀና በሉ። ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ጭራቸውን ወደ ታች ለቀው፣ ፀሐይ ሲሞቁ ታገኟቸው ይሆናል።