ምላሽ ሰጪ እንክብካቤ ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ «እገሌ መጦሪያ ገቡ» የሚል ወሬ ዛሬም ለጆሮ ይከብዳል። ልጅ ወልደው፣ ጎረቤት እያላቸው፣ እንዴት ይሆናል? ይባላል። ግን ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ልጆቻቸው አረብ አገር የቀሩባቸው፣ ወይ ከነጭራሹ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። እነሱ የሚገቡበት ቤት ያስፈልጋል። ከገቡ በኋላ እንዴት ይያዛሉ የሚለው ላይ ነው ሥራው ያለው።

ምላሽ ሰጪ እንክብካቤ የሚባለው እንግዲህ እዚህ ጋ ይመጣል። አዛውንቱ ሲጣሩ ይደረስላቸዋል። ምን እንደሚፈልጉ እሳቸው ይጠየቃሉ። መናገር ካቃታቸው ደግሞ ፊታቸውና ሁኔታቸው ይታያል። ይሄው ነው። ይህ የሌለበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ክፉ አይመስልም። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ መድኃኒቱ አይዛነፍም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይነሣል፣ ሁሉም ማክሰኞ ገላውን ይታጠባል፣ የሁሉም ሻይ እኩል ስኳር አለው። ሰውየውም ቀስ በቀስ «አልጋ ቁጥር ሰባት» ሆነው ያርፋሉ።

ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው ሽንት ቤት ላይ ነው። ማንም ማውራት ስለማይወድ እኔ ትንሽ ልቆይበት።

አንዲት እናት አሉ እንበል። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ልባቸው ግን ንቁ ነው። ሌሊት ሽንት ያጣድፋቸውና ይጣራሉ። ከኮሪደሩ ወዲያ «መጣሁ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሚመጣ የለም። ደግመው መጣራት ያፍራሉ፤ «አስቸገርኩ» ይላሉ። ከዚያ ወይ ብቻቸውን ሊነሡ ሲሉ ይወድቃሉ፤ በዚያ ዕድሜ ዳሌ ከተሰበረ ደግሞ እንደገና መራመድ ለብዙዎች አይሆንም። ወይ እዚያው አልጋቸው ላይ ያመልጣቸዋል። ጠዋት አንሶላው ሲነሣ የክፍሉ ሰው ሁሉ ያያል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ማታ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ቡናም ሲቀርብላቸው «ይቅርብኝ» ይላሉ። ውሃው ሲቀንስ የሆድ ድርቀት ይመጣል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመጣል፣ አንዳንዴም ሐሳብ መደናገር ይከተላል። ሐኪሙ ለኢንፌክሽኑ መድኃኒት ያዝዛል። ሌሊት «መጣሁ» ተብለው እንደቀሩ በካርዳቸው ላይ አይጻፍም።

ሌላው መንገድ ዳይፐር ነው። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ተደግፈው ሄደው መመለስ የሚችሉትን ሰው «እዚያው ይልቀቁት፣ ጠዋት እንቀይረዋለን» ማለት ሌላ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ በእንደዚህ ያለ ቤት ከሚነገሩ ነገሮች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ለሚሰግዱ አባት ደግሞ ይብሳል። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ያቀላል፤ ቁጭ ብሎም ተኝቶም ይሰገዳል፣ ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ፣ ውዱእን፣ በውሃ ማድረግ ካልተቻለ በንጹሕ አፈር የሚደረገው ተየሙም አለ። ያም ሆኖ ሽንት በነካው ልብስ ለሶላት መቅረብ ይጨንቃቸዋል። ሳይቀየርላቸው ያለፈው ሰዓት አንድ ወቅት ሶላት ይዞባቸው ይሄዳል።

መፍትሔው የሰው ጥሪ አለመጠበቅ ነው። በሆስፒታሎች የታወቀ አሠራር አለ፤ ተንከባካቢው በየሰዓቱ ወይ በየሁለት ሰዓቱ ይዞርና አራት ነገር ይጠይቃል። የሚያምዎ ነገር አለ? ሽንት ቤት ልውሰድዎ? ጎንዎን ላዙርልዎ? ውሃው፣ መነጽርዎ፣ መቁጠሪያዎ እጅዎ ይደርሳል? ጎን ማዞሩ የአልጋ ቁስልንም ይከላከላል። ወዲያው መምጣት ካልተቻለ ደግሞ እውነቱን መናገር ነው፦ «ሌላ ሰው እያነሣሁ ነው፣ እንደጨረስኩ እመጣለሁ»። ከዚያ መምጣት።

በእርግጥ አንድ ሰው ለሌሊት ሠላሳ አልጋ ተሰጥቶት «ለምን አልደረስክም» ቢባል ግፍ ነው። ደመወዙም የሚያኗኑር አይደለም። ስለዚህ ነገሩ የተንከባካቢው ጠባይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ቤቱን የሚያስተዳድረውም ይጠየቅበታል።

ገላ ማጠብም እንደዚሁ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራን ሥር የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃው ይሞቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው በፎጣ ይሸፈናል። ሴትን ሴት ታጥባለች። የራስ ሻሻቸው የሚወልቀው እሺ ሲሉ ነው። የሰው ገመና እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

ወሎ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ይተኛሉ። መካ ከደሴ ብትታይ በስተሰሜን ናት፤ ሙስሊሙ ሲሰግድ ፊቱን የሚያዞርበት ቂብላ ወደ ሰሜን ይሆናል። ኦርቶዶክሱ ደግሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው የሚጸልየው። ከአልጋ የማይነሣ ሰው አልጋው በየት በኩል ተዘረጋ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ማስተካከሉ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወጥ ቤቱም ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ማወቅ አለበት። ረቡዕና ዓርብን ወይ ረመዳንን እጾማለሁ የሚሉ ሕመምተኛ ሲያጋጥሙ «ሐኪም አዟል» ብሎ ወተት መጋት ይቀላል። ንስሐ አባታቸውን ወይ ሼሁን ጠርቶ ከነርሷ ጋር ማማከር ግን ጾሙንም ጤናውንም የሚያስታርቅ መንገድ ያስገኛል።

አጠራሩም አለ። በአገራቸው ሼህ ወይ መሪጌታ ሲባሉ የኖሩ ሰው እዚህ በሃያ ዓመት ልጅ «አንተ» መባል የለባቸውም። ሕፃን እንደሚያባብሉ «አንዴ አፍ ክፈት፣ ጎበዝ» ማለትም ያው ነው።

የመርሳት በሽታ ሲጨመር ምን እንደፈለጉ መረዳቱ ይከብዳል። ወደ አመሻሽ ተነሥተው በሩን የሚታገሉ እናት «አስቸጋሪ ናቸው» ይባላሉ። ቢጠየቁ «ከብቶቹን ማን ይመልሳቸው?» ይሉ ይሆናል። ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሰዓት ከብት ሲያስገቡ ኖረዋል። «ምን ከብት አለዎት?» ብሎ በሩን መቆለፍ ያስለቅሳቸዋል። ስለ ላሞቻቸው እየጠየቁ ግቢውን አብሮ አንድ ዙር መዞር ብዙ ጊዜ ያረጋጋቸዋል።

ይህ ሁሉ የደግነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለሠራተኛ እንዲመች ብሎ በመጦሪያ ያሉ አዛውንትን ከአልጋ ወይ ከወንበር ጋር ማሰር ተከልክሏል። የተባበሩት መንግሥታት በ1991 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆዎች መካከል ክብር ራሱን ችሎ ተቀምጧል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን መንከባከብን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል።

ከሁሉ የሚረሳው ቅሬው፣ የወሎ የቀብር ዕድር፣ ነው። ወሎ ላይ ሰው መጦሪያ ሲገባ ከሚጨነቅባቸው ነገሮች አንዱ «ማን ይቀብረኛል?» ነው። ሰፈሩን ሲለቅ ወርሃዊው መዋጮ ይቋረጣል፣ ስሙም ከመዝገቡ ይወጣል። ስለዚህ በመግቢያው ቀን ከደም ግፊታቸውና ከስኳራቸው ጋር ይህም መመዝገብ አለበት፦ ቅሬያቸው የትኛው ነው፣ መዋጮውን ከእንግዲህ ማን ይከፍላል፣ የት መቀበር ይፈልጋሉ።