ጊት ምንድን ነው? ያለ ኢንተርኔትስ ይሠራል?

አንዲት የደብረ ማርቆስ ተማሪና ፍኖተ ሰላም ያለ የክፍል ጓደኛዋ የቡሬ በቆሎ ነጋዴዎች ግዢ የሚመዘግቡበት ፕሮግራም እየሠሩ ነው እንበል። እሷ የኩንታሉን ዋጋ የሚያሰላውን ክፍል ታርማለች፤ እሱም በዚያው ቀን ያንኑ ፋይል ይነካካል። ኮዱን ዚፕ አድርገው በቴሌግራም ከተላላኩ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ጊት ለዚህ መድኃኒቱ ነው፤ በአንድ ፎልደር ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ መዝግቦ ይይዛል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጻፈው ለሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ ነበር።

ጊትና ጊትሃብ ይምታታሉ። ጊት ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ደግሞ መዝገቡ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ። ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ታሪኩ በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ስላለ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን መዝገቡ ላይ ማስፈር)፣ ብራንች መክፈት (ዋናውን ሳይነኩ የሚሠሩበት ቅርንጫፍ)፣ ወደ ትናንቱ ኮድ መመለስ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ፑሽ (ለውጡን ወደ ሌላ ቅጂ መላክ) እና ፑል (ከዚያ ማምጣት) ግን ከጊትሃብ ጋር ከሆኑ ይጠይቃሉ። ኔትወርክ ለሳምንት ቢጠፋስ? ፍላሽ ላይ «ቤር» ሪፖዚተሪ (የሥራ ፋይሎች የሌሉበት፣ የለውጥ መዝገቡን ብቻ የያዘ ፎልደር) ከፍቶ ፑሽና ፑሉን ከፍላሹ ጋር ማድረግ ይቻላል፤ ጊት ፍላሹን እንደ ሰርቨር ይቆጥረዋል። ዊንዶውስ ላይ «ባለቤትነቱ አጠራጣሪ ነው» ብሎ ከከለከለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የፍላሹ ፎርማት የፋይል ባለቤት ስለማይመዘግብ ነው። ፎልደሩን በጊት ኮንፊግ (የጊት ቅንብር ማስተካከያ ትእዛዝ) «ሴፍ ዳይሬክተሪ» ብሎ ማስመዝገብ ይበቃል።

አሠራሩ አጭር ነው። ጊት ኢኒት (በፎልደሩ ውስጥ መዝገቡን የሚከፍት ትእዛዝ) አንድ ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ በየለውጡ ጊት አድ (የሚመዘገበውን ፋይል መምረጫ)፣ ጊት ኮሚት። ከኮሚቱ ጋር በሚጻፈው መልእክት ላይ «አስተካከልኩ» ብሎ የጻፈ ሰው ከወር በኋላ ለራሱም አይገባውም። «ዋጋው ሳንቲም ሲኖረው የሚሳሳተውን ሒሳብ አረምኩ» ይባል። ኮዱን የሚያይ ቀጣሪም ይህን ያነባል፤ በአንድ ሌሊት የተጫነ አንድ ግዙፍ ኮሚት ሥራው የማን እንደሆነ ያጠራጥራል።

ሁለቱ አንድ መስመር ከነኩ፣ ለውጦቹ ሲዋሃዱ (መርጅ ሲደረጉ) ጊት አይፈርድም። የሁለቱንም ጽሑፍ በ7 የግራ ቀስት፣ በ7 የእኩል ምልክትና በ7 የቀኝ ቀስት ለይቶ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጥና ይቆማል። የሚፈለገውን አስቀርቶ ምልክቶቹን ማጥፋት፣ ከዚያ አድና ኮሚት። ጀማሪ እዚህ ላይ ደንግጦ ፎልደሩን ይሰርዛል፤ «ጊት መርጅ» ላይ «አቦርት» ቢጨምርበት ግን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

የማይመለሰው ሌላ ነው። ፓስወርድ ኮሚት ተደርጎ ጊትሃብ ላይ ከወጣ፣ በቀጣዩ ኮሚት ቢሰረዝም በታሪኩ ውስጥ ይነበባል። ፋይሉን ከመሰረዝ በፊት ፓስወርዱን መቀየር ነው።