ሉክ አት፣ ሉክ ፎር፣ ሉክ አፍተር፦ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ መስተዋድድ ሲከተለው

«ሉክ» እንግሊዝኛ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከሚይዛቸው ግሶች አንዱ ነው፣ ትርጉሙም ማየት፣ መመልከት ነው፣ እዚህ ድረስ ምንም የሚከብድ ነገር የለውም። የሚከብደው ከኋላው «አት»፣ «ፎር»፣ «አፍተር»፣ «ኢንቱ»፣ «አፕ» ምናምን ሲከተሉት ነው፣ ምክንያቱም እነዚህን ትንንሽ ቃላት አንድ በአንድ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልገን ትርጉማቸውን ብንደምረው የሚወጣው ነገር ሰዎቹ ከሚሉት ጋር አይገጥምም። «ሉክ» ማየት ነው፣ «አፍተር» በኋላ ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ልጅ መጠበቅ፣ በሽተኛ ማስታመም፣ መንከባከብ ይሆናል። ስለዚህ «ሉክ አፍተር» አንድ ቃል ነው ብሎ መያዝ ነው የሚያዋጣው፣ «ሉክ ፎር» ሌላ ቃል፣ «ሉክ ኢንቱ» ደግሞ ሌላ። በተለይ 9ኛ ክፍል ገብተው ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚሆንባቸው ልጆች መስተዋድዶችን ለብቻ በዝርዝር ሲሸመድዱ ማየት ያሳዝናል፣ «አፍተር» ማለት በኋላ ብሎ የያዘ ልጅ «ሉክ አፍተር» ሲመጣበት ያ ሁሉ ሽምደዳ ምንም አይረዳውም።

ደስ የሚለው ነገር አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» እኮ ግሱ አንድ ነው፣ ግን አንደኛው ሰውዬው ሲያሸንፍ ነው ሌላኛው ሲሸነፍ። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዛው። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ደረሰለት» እና «ደረሰበት» ነው፣ ደረሰለት ካልን በችግሩ ጊዜ መጣለት ረዳው ነው፣ ደረሰበት ካልን ግን ወይ ተከትሎ ያዘው ነው ወይ ሚስጥሩን አወቀ ነው ወይ ደግሞ አደጋ ደረሰበት ነው። «አሰበለት» እና «አሰበበት»ንም እዩት። «ለ» ለጥቅም «በ» ለጉዳት ነው የሚለው ህግ ለ«ፈረደ» ይሰራል፣ «አሰበበት» ላይ ግን ማንም አልተጎዳም፣ ነገሩን አገላብጦ አየው ማለት ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ማንም በሰንጠረዥ አላስተማረንም፣ እየሰማን ሙሉ ቃሉን ይዘን ነው ያደግነው፣ እንግሊዞቹም «ሉክ»ን የያዙት በዚሁ መንገድ ነው።

ልዩነቱ የቦታ ነው። የኛ «በ» እና «ለ» ብቻቸውን አይቆሙም፣ ወይ ስሙ ላይ ወይ ግሱ ውስጥ ይለጠፋሉ፣ የነሱ ግን ራሱን ችሎ የሚጻፍ ቃል ስለሆነ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ብቻውን ሊቀር ይችላል። «ዋት አር ዩ ሉኪንግ ፎር» ሲሉ «ፎር» ከኋላው ምንም የለውም፣ የኛ ሰው ደግሞ ጆሮው ለዚህ ስላልለመደ ቆርጦ «ዋት አር ዩ ሉኪንግ» ይላል፣ ሰሚው ምን እየፈለግክ ነው እንደተባለ ለመረዳት ይቸገራል። መስተዋድድ መጨረሻ ላይ ማስቀረት ስህተት ነው የሚል የቆየ የትምህርት ቤት ህግ አለ፣ ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ሌላ ጸሐፊን በዚህ ነቅፎ ጽፏል፣ ህጉም ከዛ ወዲህ በብዙ መምህራን እጅ ዞሯል፣ ግን በንግግር የሚከተለው ሰው አታገኙም፣ በጽሑፍም ቢሆን «ፎር»ን ወደፊት አምጥቶ «ፎር ዋት አር ዩ ሉኪንግ» የሚል ሰው የተፈጥሮ እንግሊዝኛ አይመስልም።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ ስንገባ «ሉክ አት» ሆን ብሎ ዓይንን ወደ አንድ ነገር ማድረግ ነው። «ሲ» የሚባለው ሳናስበው ዓይናችን ላይ የመጣ ነው፣ «ዋች» ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ዓይንን አቆይቶ መከታተል ነው፣ ለዛ ነው ኳስና ቲቪ ዋች የሚደረገው ፎቶ ግን ሉክ አት የሚደረገው። «አት» ተከታዩን ስም ይፈልጋል፣ እየኝ ለማለት «ሉክ ሚ» አይባልም፣ «ሉክ አት ሚ» ነው። ከኋላው «ዋት» ሲመጣ ግን በንግግር «አት» ይወድቃል፣ ያገኘሁትን እይ ለማለት «ሉክ ዋት አይ ፋውንድ» ይላሉ። ሐኪም ራጅ ሲያይ፣ ኮሚቴ አንድ ሀሳብ ሲመረምርም «ሉክ አት» ነው። የፍርድ ቤት ዜና ላይ «ሂ ኢዝ ሉኪንግ አት ቴን ይርስ» ከሰማችሁ ደግሞ ሰውዬው አስር ዓመት እስር ሊጠብቀው ይችላል ማለት ነው።

«ሉክ ፎር» መፈለግ ነው፣ ግን የጠፋ ነገር ወይም ያልተገኘ ነገር ፍለጋ ላይ መሆን። እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያሳስተናል ምክንያቱም «ፈለገ» የሚለው ግስ ለሁለቱም ነው የምንጠቀምበት፣ ውሃ እፈልጋለሁ ስንል ምኞት ነው ቁልፌን እየፈለግኩ ነው ስንል ፍለጋ ነው፣ እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ዋንት» ለሁለተኛው «ሉክ ፎር» ብሎ ይለየዋል። ደግሞም የኛ ፈለገ ቁልፌን ብሎ በ«ን» ስለሚጨርስ መስተዋድድ አያስፈልገውም፣ «አይ አም ሉኪንግ ማይ ኪ» የሚለው ስህተት የሚመጣው ከዛ ነው። ፍለጋው ራሱ «ሉክ ፎር» ነው፣ ሲገኝ «ፋይንድ» ይሆናል፣ ስለዚህ «አይ ፋውንድ ማይ ኪ» እንጂ ላገኘው ነገር ሉክድ ፎር ብሎ መተው አይቻልም። ሱቅ ገብታችሁ ሻጩ ምን ልርዳችሁ ሲል «ጀስት ሉኪንግ» ካላችሁት ያለ ምንም መስተዋድድ ስለሆነ ዝም ብዬ እያየሁ ነው ነው ትርጉሙ፣ አንድ «ፎር» ከጨመራችሁበት ግን ምኑን ብሎ ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል።

«ሉክ አፍተር» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ውጭ አገር ያለ ብዙ ሀበሻ ኑሮው ከዚህ ቃል ጋር የተያያዘ ነው፣ ሕጻን የሚጠብቁ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ ብዙ አሉና። እንግሊዝ ውስጥ የተለመደው «ሉክ አፍተር» ነው፣ አሜሪካ ግን ቃሉን ቢያውቁትም አዘውትረው የሚሉት «ቴክ ኬር ኦቭ» ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቃሉ ሕግ ውስጥ ሁሉ ገብቷል፣ የእንግሊዝና ዌልስ የ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) የሕጻናት ሕግ በአካባቢ አስተዳደር እጅ የሚያድጉ ልጆችን ሉክድ አፍተር የተደረጉ ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ እዛ ያሉ ማህበራዊ ሠራተኞችም «ሉክድ አፍተር ቻይልድ» ሲሉ የሙያቸው ቃል ነው። ያለ ወላጅ ብቻቸውን ገብተው ጥገኝነት የሚጠይቁ ታዳጊዎችም አስተዳደሩ ሲረከባቸው በዚሁ ስም ስር ይመዘገባሉ፣ ስለዚህ ከኛ አካባቢ የሄደ ልጅ ወረቀቱ ላይ ይሄን ካየ የሆነ ሰው ከኋላ እያየው ነው ማለት ሳይሆን አስተዳደሩ የማሳደግ ግዴታ አለበት ማለት እንደሆነ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

«ሉክ ኢንቱ» ጉዳይን ማጣራት ነው። ቢሮ ሄዳችሁ ቅሬታ ስታቀርቡ «ዊ ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት» ከተባላችሁ እናጣራዋለን ነው የተባላችሁት፣ እንፈታዋለን አልተባላችሁም፣ መልስ የሚመጣበትን ቀን እዛው መጠየቅ ጥሩ ነው። «ሉክ ስሩ» ወረቀት ማገላበጥ ሲሆን ሰው ላይ ሲውል ግን እንዳላየ አልፎ ማየት ነው፣ «ሉክ ባክ ኦን» ያለፈን ጊዜ መለስ ብሎ ማሰብ ነው፣ «ሉክ አውት» ብቻውን ጮክ ተብሎ ከተባለ ተጠንቀቅ ነው፣ «ፎር» ሲጨመርበት አንድን ነገር ነቅቶ መጠበቅ ወይም ለአንድ ሰው ማሰብ ይሆናል። «ሉክ ላይክ» መምሰል ነው፣ «ዋት ዳዝ ሂ ሉክ ላይክ» የሚለው ጥያቄ መልኩን ነው የሚጠይቀው፣ «ሉክ» ወጥቶ «ዋት ኢዝ ሂ ላይክ» ከሆነ ግን ጠባዩን ነው።

«ሉክ አፕ» ሰዋስዉ ከሌሎቹ ይለያል። መዝገበ ቃላት ወይም ኢንተርኔት ላይ ቃል፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ መፈለግ ነው፣ እና «አፕ» እዚህ እውነተኛ መስተዋድድ ስላልሆነ ከግሱ ተነጥሎ መሄድ ይችላል። «ሉክ አፕ ዘ ወርድ» ማለትም «ሉክ ዘ ወርድ አፕ» ማለትም ልክ ነው፣ ስሙ ወደ ተውላጠ ስም ሲቀየር ግን የግድ መሀል ይገባል፣ «ሉክ ኢት አፕ» ብቻ ነው። «ሉክ አት» ላይ ይሄ በፍጹም አይሆንም፣ «ሉክ ኢት አት» የሚል የለም። ጆሮም ይለየዋል፣ «ሉክ ኢት አፕ» ሲሉ ጫናው «አፕ» ላይ ነው፣ «ሉክ አት ኢት» ሲሉ ግን «ሉክ» ላይ ነው፣ አሜሪካኖች ደግሞ አያይዘው «ሉካዲት» ስለሚሉት ጀማሪ ሰው «አት» መኖሯንም አይሰማም። ከዚህ ሌላ «ሲንግስ አር ሉኪንግ አፕ» ነገሮች እየተሻሻሉ ነው ነው፣ «ሉክ አፕ ቱ» ሰውን ማክበር እንደ አርአያ ማየት ነው፣ ተቃራኒው «ሉክ ዳውን ኦን» ደግሞ እኛም ዝቅ አድርጎ ማየት የምንለው ስለሆነ ማንም አይቸገርበትም።

ኢሜይል ላይ በብዛት የሚበላሸው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ነው። በጉጉት መጠበቅ ማለት ነው፣ እና ብዙ ሰው «ቱ» ካየ ከኋላዋ ባዶ ግስ ይመጣል ብሎ ስለለመደ መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ያለችው «ቱ» መስተዋድድ ናት፣ ከኋላዋ የሚመጣው ስም ወይም በ«ኢንግ» ያለቀ ግስ ነው፣ ስለዚህ «ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው የሚባለው። ማረጋገጥ የፈለገ ሰው በግሱ ቦታ ስም ይክተትበት፣ «ቱ ዩር ሪፕላይ» ማለት ከተቻለ መስተዋድድ ናት። የሥራ ማመልከቻ የምትልኩ ልጆች ይቺን አንዷን እንኳ አስተካክሉ።

እንግሊዝኛ እንዲህ የሆነው ድሮ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ እነዚህ ቃላት በብዛት ከግሱ ፊት ተለጥፈው ነበር የሚመጡት፣ የዛሬው ጀርመንኛም ፊት የሚለጠፉ እንዲህ ያሉ ብዙ ግሶች አሉት፣ በመካከለኛው ዘመን ግን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሄደው ራሳቸውን ቻሉ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ለውጭ ሰዎች ትልቁ ችግር ግስን በእንዲህ ያለ ተከታይ ቃል መቀየር ነው ብሎ ጽፏል፣ ይሄ ሰው በነገራችን ላይ በ1735 የፖርቱጋሉን ሚሲዮናዊ የሎቦን የሀበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ነው። ለእንዲህ ያለው የግስና የተከታይ ቃል ጥምረት ዛሬ የሚሰጠው «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ ግን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1925 ደራሲው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ከተጠቀመበት በኋላ ነው።

ከግሱ ፊት የቀሩ አንዳንዶች ዛሬም አሉ፣ ለ«ሉክ» ዋናው «ኦቨርሉክ» ነው። አንድ ሆቴል ባሕሩን ኦቨርሉክ ያደርጋል ከተባለ ከላይ ሆኖ ያየዋል ነው፣ አንድ ሰው ስህተቱን ኦቨርሉክ አደረገ ከተባለ ግን ሳያየው ወይም እንዳላየ ሆኖ አለፈው ነው። ያው ቃል ተገልብጦ «ሉክ ኦቨር» ሲሆን ደግሞ ወረቀትን አንብቦ ማየት ይሆናል። ስለዚህ ለአለቃችሁ «ፕሊዝ ሉክ ኦቨር ማይ ሪፖርት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንብብልኝ ብላችኋል፣ «ፕሊዝ ኦቨርሉክ ማይ ሪፖርት» ካላችሁ ግን ሪፖርቴን እንዳላየህ እለፈው ብላችሁታል።