«ሞት» ሲወጣ ማንም አይሞትም፦ ስለ ታሮት ካርድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግዳ ቤቴ ሲገባ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው መደርደሪያዬ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ እሽግ ካርድ ተደርድሮበታል። «ካርታ ትጫወቻለሽ እንዴ?» ይለኛል። «አይ፣ ታሮት ነው» ስለው ነገር ይለወጣል። አንዱ እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ ይላል። ሌላዋ ወንበሯን ትስብና «እስቲ የኔን እዪልኝ» ትላለች። የሚገርመኝ፣ የሚፈራውም የምትጓጓውም የሚያምኑት ያንኑ ወሬ መሆኑ ነው።

ካርድ መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ማንበብ፣ ማለትም ካርድ አውጥቼ ሥዕሉን ለሰው መተርጎም፣ የጀመርኩት ትንሽ ቆይቼ ነው። በእነዚህ ዓመታት ደጋግሜ የሰማኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም እኔው ራሴ ሳወራ የነበሩትን ስህተቶች እዚህ ላንሳ። ለማያውቀው፦ አንድ የታሮት እሽግ 78 ካርድ አለው። 22ቱ የየራሳቸው ስም ያላቸው ሥዕሎች ናቸው። ሞኙ፣ ንግሥቲቱ፣ ፀሐይ፣ ሞት የሚባሉት ከነዚህ ናቸው። ቀሪዎቹ 56ቱ በአራት ወገን ይከፈላሉ፦ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ በትር እና ሳንቲም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ከጥንት ግብፅ የመጣ ምስጢር ነው»

ይህን እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሳወራ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት እሽግ ውስጥ የነበረችው ትንሽ መጽሐፍ እንደዚያ ትላለች፤ እኔም አመንኳት።

እውነታው ታሮት የተወለደው በሰሜን ኢጣሊያ መሆኑ ነው፤ 1440 አካባቢ። የተሠራውም ለጨዋታ ነው። ተራው ካርታ ላይ ሌሎቹን የሚበሉ ባለ ሥዕል ካርዶች ጨመሩበት፣ በቃ። ባለጸጎቹ በወርቅ አስጊጠው በእጅ ያስሥሉት ነበር። ለሚላኖ ገዢዎች፣ ለቪስኮንቲ እና ለስፎርዛ ቤተሰቦች፣ ከተሣሉት አንዱ እሽግ 74 ካርዱ እስከ ዛሬ አለ። ከጠፉት አራቱ ውስጥ ሰይጣን እና ግንብ የሚባሉት ይገኙበታል። በዚህ ስንት ተረት እንደተፈጠረ አትጠይቁኝ። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወረቀት አራት ቢጎድለው ምን ይገርማል?

አራቱ ወገኖች ደግሞ ከታሮትም ይቀድማሉ። ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ከእስላሙ ዓለም ነው። ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ማምሉክ የሚባሉት የእስላሙ ዓለም ገዢዎች ዘመን ካርታ አለ። ጽዋ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍ እና የፖሎ መምቻ ዱላ ተሥሎበታል። አውሮፓውያኑ ያኔ ፖሎ አያውቁም ነበርና ዱላውን ተራ በትር አደረጉት። እኔ በበኩሌ ይህ ታሪክ ከግብፁ ተረት በእጥፍ ይጥመኛል።

ታዲያ ግብፅ ከየት መጣች? በ1781 አንትዋን ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር፣ ካርዶቹ የግብፅ ካህናት የደበቁት መጽሐፍ ናቸው ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፣ ያኔ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን የጽሕፈቱን ቁልፍ ያገኘው በ1822 ነው። ቀጥሎ አሊዬት የሚባል ሰው ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ «ኤቴያ» ተባለና በ1789 ገደማ በተለይ ለጥንቆላ ብቻ የተሠራ እሽግ አሳተመ። ከዚያ በፊት ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ካርዱ በዋናነት መጫወቻ ነበር። ፈረንሳይ እና ኦስትሪያ ውስጥ ዛሬም ይጫወቱበታል።

«የሞት ካርድ ከወጣ ሰው ይሞታል»

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አሥር ካርድ የሚዘረጋበት የታወቀ አነባበብ አለ። ከ78 ውስጥ አሥር ሲወጣ ሞት ከመካከላቸው የመገኘቱ ዕድል አሥር ሰባ ስምንተኛ ነው። ከስምንት ሰው ለአንዱ ይወጣል ማለት ይቻላል። ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ያነበብኩላቸውን ሰዎች ስቀብር ነበር የምውለው።

ዛሬ በብዛት የሚታየውን ሥዕል ደግሞ አስተውሉት። አፅሙ በነጭ ፈረስ ተቀምጧል። ንጉሥ ወድቋል፣ ጳጳስ ቆሟል፣ ሕፃን አበባ ይዟል። ከጀርባ በሁለት ግንቦች መካከል ፀሐይ ትታያለች። አንባቢዎች የአንድ ነገር ማለቅ እና የሌላው መጀመር ብለው ይወስዱታል፤ ሥራ መልቀቅ፣ ከቤት መውጣት፣ ከሰው መለያየት። እኔ ሲወጣ ደስ የማይለኝ ሌላ ነው፦ ዘጠኝ ሰይፍ። አንድ ሰው አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ አጥቶ የሚያውቅ ሰው ትርጉሙን አይጠይቀኝም።

«ያው ካርድ እየተመላለሰ ከወጣ ያሳድድሻል»

አንድ ወር ሙሉ «መናኙ» የሚባለው ካርድ አልለቀኝ አለ። ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ ነው። ጠዋት ሦስት ካርድ አወጣለሁ፣ እሱ አለ። በማግስቱ፣ አለ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በየቀኑ ሦስት ካርድ ብታወጡ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ካርድ የመደገሙ ዕድል ከመቶ 93 ገደማ ነው። አንድም ሳይደገም ሳምንቱ ቢያልፍ ነው የሚያስገርመው። የኔ ግን ከሳምንት አልፎ ወር ሆኗል። ችግሩ እጄ ላይ ነበር። የታሮት ካርድ ትልቅ ስለሆነ ለመበወዝ ያስቸግራል። እኔም ሁለት ሦስቴ ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ እተወው ነበር። መናኙም ከላይ ካሉት አይርቅም። ዴቭ ቤየር እና ፐርሲ ዲያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1992 እንዳሳዩት፣ ለሁለት ከፍሎ እያሰባጠሩ ሲበውዙ 52 ካርድ በደንብ የሚደባለቀው ሰባት ጊዜ አካባቢ ሲደረግ ነው። (ዲያኮኒስ በወጣትነቱ መድረክ ላይ ምትሃት የሚያሳይ ሰው ነበር። ካርታ ያውቃል።) ለ78ቱ ትንሽ መጨመር ነው። በደንብ መበወዝ ስጀምር ሽማግሌው ፋኖሱን ይዞ ሄደ።

«የመጀመሪያው እሽግ በስጦታ ካልመጣ አይሠራም»

የራሴን ራሴ ነኝ የገዛሁት። በሐር ጨርቅ ካልተጠቀለለ፣ የጨረቃ ብርሃን ካላየ፣ ሌላ ሰው ከነካው... እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ካርድ የሚጎዳው በእርጥበት፣ በቀጥታ ፀሐይ እና በላብ ነው። እጅ ታጥቦ መንካት ይበቃል።

«ካርዱ ውስጥ መንፈስ አለ»

ካርዱ ማተሚያ ቤት የታተመ ወረቀት ነው። ሃይማኖቴ ይከለክለኛል የሚል ሰው ሲመጣ ግን አልከራከርም። እሽጉን አንስቼ ሌላ ጨዋታ እንጀምራለን።

«አንባቢዋ ሳትነግሯት ታውቃለች»

ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያሳፈረኝም ያስተማረኝም እሱ ነው።

ሁለት ሰዎች በርቀት እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አንዷ ስለ ሥራዋ፣ ሌላዋ ከእህቷ ጋር ስለተጣላችው ነገር። ካርድ አወጣሁ፣ ለየብቻ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላቸው። ሁለቱም ወዲያው መለሱ። አንዷ «እንዴት አወቅሽ? እያለቀስኩ ነው የሰማሁት» አለች። ሌላዋ «ቃል በቃል የኔ ሕይወት ነው» አለች። ደስ ብሎኝ አደርኩ። ጠዋት ስልኬን ሳየው የአንዷን ለሌላዋ ነው የላክሁት። የሥራው ለእህትየዋ፣ የእህትየዋ ለሥራው።

ነገርኳቸው። አንዷ እስኪያማት ሳቀች። ሌላዋ ግን «ታዲያ ለኔ የታሰበው ያኛው ነበር ማለት ነው» አለችኝ። ምን ይባላል!

ይህን ነገር በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1948 ሞክሮታል። ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ መጠይቅ አስሞላ። በኋላ ለእያንዳንዳቸው ውጤታችሁ ነው ብሎ ወረቀት ሰጣቸውና ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ለቃቅሞ ያዘጋጀው። «አንዳንዴ ትጠራጠራለህ፣ ያልተጠቀምክበት ችሎታ አለህ» ሲባል እኔ አይደለሁም የሚል ሰው ማን አለ?

ታዲያ ለምን ማንበብ አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል። አነባበቤን ነው የቀየርኩት። ስምንት ጽዋ የሚባለው ካርድ ላይ አንድ ሰው የተደረደሩ ጽዋዎች ትቶ በጨረቃ ሲሄድ ይታያል። ትርጉሙን አልናገርም። «ይህ ሰው ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ «ሸሽቶ ነው» ይላል። ሌላው በጽዋዎቹ መካከል ያለችውን ክፍተት ያይና «የጎደለችውን ሊፈልግ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ወሬው የራሳቸው ነው፤ እኔ አዳምጣለሁ።

«አዎ ወይም አይ ብሎ ይመልሳል»

አንድ ጓደኛዬ ሥራ ልታመለክት ፈልጋ «ላመልክት ወይስ ልተው?» አለችኝ። አንድ ካርድ አወጣሁ። «የተሰቀለው ሰው» ወጣ፤ በአንድ እግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለው። መጽሐፉ «መጠበቅ» ይላል። እኔም በሙሉ ልብ «ቆዪ» አልኳት። ቆየች። የማመልከቻው ቀን አለፈ።

አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ እሱ ነው የሚከብደኝ። ውሳኔውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ካርዱን እንደ ማኅተም መታሁበት። ከዚያ ወዲህ የአዎ እና የአይ ጥያቄ አልቀበልም። የጤና፣ የፍርድ ቤት እና የገንዘብ ጉዳይም እንደዚያው። «መተት አለብሽ፣ ለመፍቻው ይህን ያህል ክፈዪ» የሚል አንባቢ ከገጠማችሁ ደግሞ ተነሥታችሁ ሂዱ። ከ78ቱ ካርድ መተት የሚባል የለም።

«ሥዕሎቹ ጥንታዊ ናቸው፣ ካርዱ ባረጀ ቁጥር ይወደዳል»

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሥዕሎች፣ ነጩ ፈረስም ስምንቱ ጽዋም፣ ለንደን ውስጥ በ1909 ከወጣው እሽግ ናቸው። ጸሐፊው አርተር ዌይት አቀደው፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሣለችው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው እሽግ ላይ ስምንት ጽዋ ማለት ስምንት ጽዋ ብቻ ነበር፤ ሰውም ጨረቃም የለበትም። በ1491 ግድም ኢጣሊያ ውስጥ የተሠራው ሶላ ቡስካ የተባለው እሽግ ግን 78ቱም ባለ ሥዕል ናቸው። ፎቶግራፎቹ በ1907 ብሪቲሽ ሙዚየም ታይተው ነበርና ፓሜላ ሳታያቸው አልቀረችም። ልብ የወጋው ሦስት ሰይፍ በሁለቱም አለ።

ሥራውን ጨርሳ ለአንድ ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ትልቅ ሥራ በጣም በትንሽ ገንዘብ እንደጨረሰች ነግራዋለች። በ1951 ስትሞት ድሃ ነበረች። እሽጉ ለረጅም ዓመታት ሲጠራ የኖረው በአሳታሚው እና በዌይት ስም ነው። የእሷን ስም መጨመር የተለመደው በቅርቡ ነው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ዕድሜ ብቻውን ምንም አይደለም። በብዙ ሺህ የታተመ የቆየ እሽግ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት በጥቂት ቅጂ ታትሞ ያለቀው ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ይህን ሳላውቅ ሐሰተኛ ቅጂ ገዝቻለሁ። ዋጋው በጣም ሲረክስ መጠርጠር ነበረብኝ። ካርዶቹ በመጠን ከእውነተኞቹ ያነሱ ናቸው። መጽሐፍ የለውም፤ በሱ ፈንታ በስልክ የሚነሣ የኪውአር ኮድ ሣጥኑ ላይ ታትሟል። ፓሜላ ሥዕሎቿ ጥግ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘች ትንሽ ፊርማ ታኖር ነበር። እኔ በገዛሁት ላይ ፊርማዋ ደብዝዞ የቀለም ነጠብጣብ ሆኗል። እሽጉን ግን አልጣልኩትም። ሠላሳ አንደኛው እሱ ነው፤ መበወዝ የምለማመደው በሱ ነው።